የአዋቂ ሰው አፍ ሲነጣ

አዲስ አበባ፣ ጀሞ ውስጥ መድኃኒት ቤት ለምሠራ ፋርማሲስት አፉን የታመመ ሰው ገና ከበሩ ያስታውቃል። ምራቁን በዋጠ ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል፣ ሲናገር ቃላቱ ይጣበቁበታል፣ አንዳንዱም አፉን በነጠላ ወይም በማስክ ሸፍኖ ነው የሚመጣው። የሚጠይቀው ግን የአፍ መድኃኒት አይደለም። «ቶንሲሌ ተነሥቶ ነው፣ አሞክሳሲሊን ስጪኝ» ይላል። የከንፈሩ ጠርዝ ግራና ቀኝ የተሰነጠቀበት ከሆነ «ምች መቶኝ ነው» ብሎ የሚቀባ ነገር ይፈልጋል። ምግብ አልወርድ ብሎት ደረቱን የሚወጋው ደግሞ «ጨጓራዬ ነው» ይልና ኦሜፕራዞል ገዝቶ ይሄዳል። ቶንሲል፣ ምችና ጨጓራ ያልተባለበት የአዲስ አበባ ቤት የለም። ሦስቱም በሰው ፊት ያለ ሐፍረት የሚነገሩ ሕመሞች ናቸው።

እኔ የምጽፈው ከነዚህ ሦስት ስሞች ጀርባ ስለሚደበቀው ነጭ ሽፋን ነው። ሐኪሞች የአፍ ካንዲዳ ይሉታል፤ እኛ በተለምዶ የአፍ ፈንገስ እንለዋለን። ሕመሙ ራሱ በቀላሉ ይድናል። የሚያስጨንቀኝም በቀላሉ መዳኑ ነው። ሽፋኑ በለቀቀ ማግስት ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ሽፋኑን ያመጣበት ነገር ግን ውስጡ እንዳለ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዲት እናት መጡ። ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ይነግዳሉ። የሰፈር ሰው ስለሆኑ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ልጄ ይሉኛል። ማንነታቸውን የሚያሳብቅ ነገር ቀይሬ ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

«ልጄ፣ ያንን የቶንሲሉን እንክብል ስጪኝ።»

«እትዬ፣ ባለፈውም ወስደው ነበር እኮ። አልተሻለዎትም?»

«ኧረ ጭራሽ ባሰብኝ! እንጀራ መጉረስ አቅቶኛል። ኮምጣጣው ያንገበግበኛል።»

«ታዲያ ምን እየበሉ ነው?»

«አጥሚት ነዋ፣ እሱንም አብርጄ። ጨውና ስኳሩን እንኳ አልለይም፤ ሁሉም ነገር ብረት ብረት ይለኛል።»

ከባንኮኒው ጀርባ መድኃኒት የምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ አስገብቼ ካርቶን ላይ አስቀመጥኳቸውና በስልኬ መብራት አፋቸውን አየሁ። ምላሳቸው፣ የጉንጫቸው ውስጥ፣ ላንቃቸውም ሳይቀር ተፈርፍሮ የተበተነ አይብ የመሰለ ነገር ለብሶ ነበር። ንጹሕ ጎዝ በጣቴ ጠምጥሜ ጉንጫቸው ላይ ቀስ ብዬ ጠረግሁ። ነጩ ተነሣ። ሥሩ የተላጠ ቆዳ ይመስል ቀይ ነበር፤ ትንሽ ደምም አዘለ። እንጥላቸው አካባቢ ያለው ሽፋን ወደ ጉሮሮ እየወረደ ከመብራቱ ዐይን ጠፋ።

ይህ መጠረግ ትልቅ ምልክት ነው። ነጭ ነገር ሁሉ ፈንገስ አይደለምና። ጫት የሚያዘወትር ሰው ቅጠሉን በሚያሳድርበት ጉንጩ በኩል ቆዳው ሊነጣና ሊወፍር ይችላል፤ እሱ በጎዝ ቢጠረግ አይነሣም። በምላስ ጎንና ጎን ቀጥ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ የሚወጣ፣ እንደዚሁ የማይጠረግ ነጭ ነገርም አለ። ይሄኛው ቫይረስ የሚያመጣው ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ስለሚታይ እሱም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ፈንገሱ ራሱም ሁልጊዜ ነጭ ሆኖ አይመጣም። አንዳንዴ ላንቃና ምላስ ላይ ለስላሳ ቀይ ቦታ ብቻ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምች የምንለው የከንፈር ጠርዝ ስንጥቅ ይሆናል። ዳማ ከሴ ተጨምቆ ሲቀባ ሲቀባ ከርሞ ያልዳነ የከንፈር ስንጥቅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

ካንዲዳ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። ብዙ ጤነኛ ሰው አፉ ውስጥ፣ አንጀቱ ውስጥ፣ ቆዳው ላይ ይዞት ይኖራል። አብሮን በሰላም የሚኖረው ሁለት ጠባቂ ስላለበት ነው። አንደኛው አፋችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ቦታውንም ምግቡንም ይሻሙታል። ሁለተኛው የሰውነታችን መከላከያ ነው፤ በተለይም ሲዲ ፎር የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የአፍንና የጉሮሮን ስስ ቆዳ ይጠብቃሉ። አሞክሳሲሊንና መሰሎቹ አንደኛውን ጠባቂ ያስወግዳሉ፤ ፈንገሱን ግን አይነኩትም። እትዬ እንክብሉን በወሰዱ ቁጥር የባሰባቸው ለዚህ ነው። ሁለተኛውን ጠባቂ የሚያጠፋው ኤችአይቪ ነው። ቫይረሱ የሚራባው እነዚያው ሲዲ ፎር ሴሎች ውስጥ ገብቶ እነሱን እየገደለ ነው። በጤነኛ ሰው ደም፣ በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ፣ ከ500 በላይ የሚሆኑት እነዚህ ሴሎች ወደ 200 እና ከዚያ በታች ሲወርዱ የአፍ ፈንገስ ይበረታል። ከዚያም እየወረዱ ሲሄዱ ፈንገሱ ወደ ምግብ ቧንቧ ይዘልቃል። ያኔ ነው «ጨጓራዬ» የሚባለው የደረት ሥር ውጋት የሚጀምረው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኤችአይቪን በ4 ደረጃዎች ሲከፍል የከንፈር ጠርዝ ስንጥቁን 2ኛው ላይ፣ የማይለቀውን የአፍ ፈንገስ 3ኛው ላይ፣ የምግብ ቧንቧውን 4ኛውና የመጨረሻው ላይ አስቀምጦታል። ከከንፈር እስከ ደረት ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ አይበልጥም። በሽታው ግን በዚያች ርቀት ውስጥ ሦስት እርከን ይወጣል።

እንዲያውም ኤድስ የሚባል ነገር ለዓለም ሲነገር የአፍ ፈንገስ አብሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሳምንታዊ መጽሔቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ እንግዳ የሆነ የሳንባ ምች ስለያዛቸው 5 ወጣት ወንዶች ዘገበ። ዶክተር ማይክል ጎትሊብና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ያ አጭር ዘገባ ስለ ኤድስ የተጻፈ የመጀመሪያው ነው። አምስቱም የካንዲዳ ፈንገስ ነበረባቸው። ዓለም በሳንባቸው ሲደነግጥ ፈንገሱም አብሮ ነበር። እኛ አገር ቫይረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘበት ደም የተወሰደው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ታማሚዎች ደግሞ በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ።

እኔ ያንን የመጀመሪያውን ዘመን አላየሁም። መካከለኛውን ግን አይቻለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ የተመደብኩበት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሐምራዊ ከንፈሮችን ነው። ጂቪ ነበር የምንቀባቸው። ጂቪ የሕፃናትን አፍና ቁስልን ለመቀባት በየቤቱ የሚታወቅ ውኃማ ቀለም ነው፤ ልብስ ላይ ከነካ አይለቅም፣ ከንፈር ላይ ለቀናት ይቆያል። ርካሽ ስለነበር ሌላ ነገር መግዛት ላልቻለ ሁሉ እሱ ታዘዘ። መድኃኒትነቱን አላሳንስም፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ኪንሻሳ ውስጥ በኤድስ ታማሚዎች ላይ ሲሞከር ኒስታቲን ከተባለው የፈንገስ መድኃኒት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ ግን በእንስሳት ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ስለታወቀ አንዳንድ አገሮች ከገበያ እያስወጡት ነው። እኔ ከቀለሙ ጋር የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ሕፃን ልጅ አፉ ሐምራዊ ቢሆን ማንም ምንም አይልም። የአዋቂ ሰው ከንፈር ሐምራዊ ሲሆን ግን ጎረቤት ሁሉ በሽታውን ያውቅና ቡና መጥራት ይተዋል። ታማሚዎቻችን ጠያቂ ሲመጣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ይስቡ ነበር። አንዳንዶቹ ሳይቀቡ መሰቃየትን መርጠዋል።

የተሻለው መድኃኒት አልጠፋም ነበር። ፍሉኮናዞል እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ በገበያ ላይ ነበር። ዋጋው ነው ያልተደረሰበት። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ክሪስቶፈር ሞራካ የሚባል ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 በፓርላማ ቀርቦ የአፉንና የጉሮሮውን ፈንገስ የሚያድነው መድኃኒት መኖሩን እያወቀ መግዛት እንዳልቻለ ተናገረ። በዚያው ዓመት ሞተ። ጓደኛው ዛኪ አክማት ራሱ ከሚመራው የሕክምና መብት ተሟጋች ማኅበር ጋር ሆኖ ወደ ታይላንድ ሄደ፤ በአገሩ የባለቤትነት መብት የተከለለውን መድኃኒት እዚያ በብዙ እጥፍ ርካሽ ገዝቶ በጥቅምት ወር በግልጽ ይዞት ገባ። ዘመቻውንም በሞራካ ስም ሰየሙት። የመድኃኒቱ አምራች ፋይዘር ለደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ሆስፒታሎች ፍሉኮናዞል በነፃ ለመስጠት የተስማማው በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ ጀሞ ውስጥ ከመደርደሪያዬ አውርጄ የምሰጠው ተራ እንክብል የሰው ሕይወት የተከፈለበት ነው፤ እሱን ሳነሣ ሞራካን ሳላስታውስ አላልፍም።

ቫይረሱን ራሱን የሚያዳክመው መድኃኒት አዲስ አበባ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1995 ዓ.ም. ገንዘብ ላለው በክፍያ ተጀመረ፤ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር እኔ ሥራ ይዤ ነበር። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአልጋው ክፍል ገጽታ ተለወጠ። ተደግፎ የመጣ ሰው ከወራት በኋላ ራሱ ታክሲ ተሳፍሮ መድኃኒቱን ሊወስድ ይመጣል፣ አፉን ሲከፍት ምላሱ እንደማንኛችንም ሮዝ ነው። የአፍ ፈንገሱን ያጠፋለት ቅባት አልነበረም። ሲዲ ፎሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ጠባቂውም ተመለሰ።

አሁን የሚሰጠው ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ የያዘ፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ አንድ ኪኒን ነው። በትክክል ከተወሰደ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይበት ደረጃ ይደርሳል፤ እዚያ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ አያስተላልፍም። ስለዚህ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው አፉ ከነጣ ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ ኪኒኑ እየተዋጠ ነው ወይ? እየተዋጠ ከሆነስ እየሠራ ነው ወይ? ሁለተኛውን በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካው የቫይራል ሎድ ምርመራ ይመልሰዋል። አንደኛውን የሚመልሰው ሰውየው ብቻ ነው፤ እሱም ካላፈረ ነው።

እትዬን መጀመሪያ ስለ ስኳር ጠየቅኳቸው፤ የለባቸውም። አስም የለባቸውም፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የለም። ከዚያ ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ውጭ ባንኮኒው ላይ ሰው «እህቴ፣ የለሽም እንዴ?» እያለ ይጣራል።

«ልጄ፣ የኔ መድኃኒት ሌላ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ካቆምኩ ከራርሟል።»

ፒያሳ ይኖሩ በነበረበት ጊዜ በ2001 ዓ.ም. የጀመሩት ነው። ልጃቸውን ያሳደጉት፣ የዳሩት በዚያ ኪኒን ነው። ወደ ጀሞ ሲዛወሩ የድሮው ሆስፒታል በሁለት ታክሲ የሚኬድ ሆነባቸው። ሰፈር ውስጥ ወዳለው ጤና ጣቢያ እንዳይዛወሩ ደግሞ የዕድራቸው አባል የሆነች ሴት እዚያ በጽዳት ትሠራለች። «እሷ ካየችኝ አትክልት ተራ ማን ቲማቲም ይገዛኛል?» አሉኝ። መጀመሪያ አንድ ቀጠሮ ዘለሉ፤ ምንም አልሆኑም። ሁለተኛውንም ዘለሉ፤ አሁንም ደኅና ነበሩ። ቫይረሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት አያሳምምም። የሚያሳምመው ሲዲ ፎሩን ጨርሶ ካወረደው በኋላ ነው። ቀድሞ የሚናገረው አፍ ነው፣ እሳቸውም ቶንሲል አሉት።

እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለው ሰው ከአዲስ ታማሚ ይልቅ ይበዛብኛል። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቫይረሱ በአገሪቱ አዋቂዎች መካከል 0.9 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ግን 3.4 በመቶ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ከተማዋ ደግሞ ሰዉን ከሰፈር ሰፈር እያንቀሳቀሰች ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው፣ ቤቱ ለልማት የተነሣበት፣ ኪራይ የተወደደበት ሁሉ ወደ ጀሞ፣ ለቡ፣ ሃና ማርያም ይወርዳል። ዕቃው በአይሱዙ ይመጣል፤ የሕክምና ካርዱ ግን የድሮው ሰፈር ይቀራል።

የሚያሳዝነኝ አብዛኛው ፍራቻ መፍትሔ ያለው መሆኑ ነው። መድኃኒቱ ነፃ ነው፣ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው በወረቀት መዛወር ይቻላል፣ ሰፈሩን የሚሸሽ ሰው ሌላ ሰፈር መርጦ ሊዛወር ይችላል። መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድና ቫይረሱ የወረደለት ሰው በየወሩ መሰለፍ ቀርቶለታል፤ የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ ይወስዳል። እትዬ ይህን ሲሰሙ «በዓመት ሁለቴ ብቻ?» አሉኝ። በሳቸው ዘመን በየወሩ ነበር።

መድኃኒት ያቋረጡ ሌሎችም አሉ፤ በፀበል ድኛለሁ ብለው። በሃይማኖቱ ውስጥ ያደግሁ ነኝና ፀበሉን የምናቅ አይደለሁም። ግን በ1999 ዓ.ም. ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበልና መድኃኒት አብረው እንደሚወሰዱ ለምእመናን ተናግረዋል። እንጦጦ ማርያም ተራራው ላይ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች በብዛት ይኖሩ በነበረበት ጊዜ የተነገረ ቃል ነው፤ ዛሬም አልተሻረም።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት ስለማይ። ኒስታቲን የምትባለው ቢጫ ሽሮፕ የኖረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1950 ኤልዛቤት ሄዘንና ራሄል ብራውን የተባሉ ሁለት የኒውዮርክ ሴት ሳይንቲስቶች ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ እርሻ አፈር ከተገኘ ተሕዋስ አወጧት፤ ከሽያጯ የሚደርሳቸውንም ገንዘብ ለሳይንስ ምርምር ለገሱት። ጥሩ መድኃኒት ናት፣ ችግሩ እንደ ሳል ሽሮፕ መጠጣቷ ነው። ኒስታቲን ከአንጀት ወደ ደም አትገባም፤ የምትሠራው የነካችውን ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ብልቃጧ በደንብ ይነቀነቃል፣ መድኃኒቱ ከሥር ስለሚዘቅጥ። ለአዋቂ የታዘዘው መጠን ግማሹ በአንዱ ጉንጭ፣ ግማሹ በሌላው ይደረጋል። ከዚያ እየተጉመጠመጡ መቆየት ነው፤ ምላስ ሥር፣ ላንቃ፣ ድድና ጉንጭ መካከል ሁሉ ይድረስ። በመጨረሻ ይዋጣል፣ ለግማሽ ሰዓት ያህልም አይበላም፣ አይጠጣም። ይህ በቀን 4 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው። ከላዩ ወዲያው ቡና ከተጠጣበት መድኃኒቱ ከቡናው ጋር ወርዷል ማለት ነው።

ፍሉኮናዞል ከዚህ ይለያል፤ በደም ውስጥ ገብቶ ስለሚዞር ጉሮሮና የምግብ ቧንቧም ይደርሳል። ለአፍ ብዙውን ጊዜ በየቀኑ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ ለምግብ ቧንቧ ከ14 እስከ 21 ቀን ይታዘዛል። እዚህ ያለው ስሕተት በአንዲት እንክብል መዳን መፈለግ ነው። ለሴቶች ብልት ፈንገስ በአንድ ጊዜ የምትዋጥ 150 ሚሊ ግራም እንክብል አለች፤ ጎረቤት ለጎረቤት ትነግራለችና እሷን ለአፍ የሚገዙ አሉ። ሽፋኑ ለጥቂት ቀን ይሳሳል፣ ከዚያ ይመለሳል። እንዲህ እየቆራረጡ ደጋግሞ መውሰድ መድኃኒቱን የሚቋቋም ፈንገስ ይፈለፍላል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ጉበቷን የታመመች ወይም ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ሴት ደግሞ ሐኪም ሳያያት አትውሰደው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ፍሉኮናዞል አፍን ሲያድን ከበስተኋላ ያለውን ሊሸፍን ይችላል። ሲዲ ፎሩ ያሽቆለቆለ ሰው ክሪፕቶኮከስ የሚባል ሌላ ፈንገስ አንጎሉን ሊይዘው ይችላል፤ ምልክቱ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ የዐይን መደብዘዝ ነው። ለአፍ የሚወሰደው መጠን እሱን አያድነውም። አፉ የነጣ ሰው ራሱን የሚያመው ከሆነ ከመድኃኒት ቤት ሳይሆን ከሆስፒታል ነው መድረስ ያለበት፤ በዚያው ቀን።

በሌላ በኩል አፉ የነጣ ሁሉ ኤችአይቪ አለበት ብሎ የሚያይ ጎረቤት እንዳለ አውቃለሁ። ስሕተት ነው። ገና የሚጠባ ሕፃን አፉ ቢነጣ የተለመደ ነው፤ እናቲቱ አትደንግጥ። ለአስም በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ የሚጠቀም ሰው ከሳበ በኋላ አፉን በውኃ ካልተጉመጠመጠ ይነጣል። ስኳሩ ከፍ ያለበት፣ ጸረ ተሕዋስ መድኃኒት ብዙ የወሰደ፣ ለካንሰር የሚታከም፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሳያወልቅ የሚተኛ፣ ለመወፈር ብሎ ዴክሳሜታዞን የሚውጥ፣ ሁሉም አፋቸው ሊነጣ ይችላል። እንግዲህ ምንም ምክንያት ያልታየለት ጤነኛ መሳይ አዋቂ ሰው ነው ስኳሩንም ኤችአይቪውንም ይመርመር የምለው። ሰው ፊት መመርመር የከበደው ድዱን በመጥረጊያ እየጠረገ ራሱ የሚመረምርበት ኪት አለ። ኪቱ ምራቅ ውስጥ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው፤ በምራቅ ኤችአይቪ አይተላለፍም። መድኃኒት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ግን በዚህ ኪት ራሱን አይመርምር፤ የለብህም ብሎ ሊያሳስተው ይችላል።

እትዬ ያን ቀን ምንም ሳይገዙ ሄዱ። በማግስቱ መጡና ሰፈራቸው ያልሆነ፣ ግን በአንድ ታክሲ የሚደርሱበት ተቋም ነገርኳቸው፣ እዚያም የምታውቀኝ ነርስ ጋር ደወልኩ። አልተቆጡባቸውም። የሳንባ ነቀርሳ ምልክት እንዳለባቸው ተጠየቁ፣ ሲዲ ፎራቸው ታየ፣ ለክሪፕቶኮከስ ደማቸው ተመረመረ፤ አንጎላቸው ነፃ ነበር። ለአፋቸው ፍሉኮናዞል፣ ለቫይረሱ ያን በቀን አንዴ የሚዋጠውን ኪኒን ሰጧቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ እንጀራ በቀይ ወጥ መብላት እንደጀመሩ ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ፤ ደስታቸው ስለ ወጡ ነበር። እኔ ግን ያስደሰተኝ ቀጠሮውን አለመዝለላቸው ነው።

ያልተመለሱትስ? ድሮ ቀጠሮ የዘለለ ሰው ጋር የሚደውሉ፣ ቤቱ ድረስ የሚሄዱ ሠራተኞች በየጤና ጣቢያው ነበሩ። ብዙዎቹ ራሳቸው ቫይረሱ ያለባቸው፣ ያለፉበትን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በዚያ ገንዘብ በኮንትራት የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ኪኒኑ ቢኖርም የጠፋውን ሰው የሚፈልግ እጅ ሲቀንስ የሚጠፋው ሰው ይበዛል። የጠፋው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኛ፣ ወደ መድኃኒት ቤት ነው፤ አሞክሳሲሊን ብሎ።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ። ለቶንሲል ብሎ የመጣ አዋቂ ሰው አሞክሳሲሊኑ ሳይሠራለት ሁለተኛ ከተመለሰ ሦስተኛውን አትሽጡለት፤ አፉን እዩት። መብራት ስልካችሁ ላይ አለ፣ ጎዝ መደርደሪያችሁ ላይ አለ። ለዚህ የሚሆን መጋረጃ ያላት ጥግ አዘጋጁ፣ ባንኮኒ ላይ በሰው ፊት ስለዚህ አይጠየቅምና። አቅራቢያችሁ ያሉትን የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክፍሎች፣ የምትሠራውን ነርስ ስልክ፣ የሚከፈቱበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። የሰፈሩን ጤና ጣቢያ ለሚፈራ ሰው የሌላውን ሰፈር ንገሩት። እኛ ጀሞ ያለን ፋርማሲስቶች ይህን ዝርዝር እርስ በርስ መለዋወጥ ጀምረናል፤ የለቡና የሃና ማርያም ባልደረቦቻችንም የራሳቸውን እንዲጨምሩበት እየጠየቅን ነው።